የዱኦሊንጎ ሃዋይኛና ናቫሆኛ፦ ለውጭ ተማሪ የቱ ያዋጣል?

ዱኦሊንጎ በስልክ ቋንቋ የሚያስተምር አፕ ነው። ሃዋይኛ የሃዋይ ደሴቶች፣ ናቫሆኛ ደግሞ በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ ያለው የናቫሆ ሕዝብ ነባር ቋንቋ ነው። ፍርዱን ከፊት እናስቀምጠው። የሃዋይኛው ኮርስ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። የናቫሆኛው ግን ሰላምታና ጥቂት ስሞች ለቃቅሞ ለመውጣት ካልሆነ ብቻውን የትም አያደርስም። ከአምስት ኮከብ ለመጀመሪያው ሦስት ተኩል፣ ለሁለተኛው ሁለት። ሁለቱም የሚጋሩት ጉድለት ደግሞ አለ። ተማሪውን ቃላት ያሸክሙታል እንጂ፣ ከማኅበረሰቡ ያልተወለደ ሰው ቋንቋውን ይዞ ባለቤቶቹ ፊት ሲቀርብ ራሱን ማን ብሎ እንደሚያስተዋውቅ፣ ምኑን ተናግሮ ምኑን እንደሚተው አይነግሩትም። የነባር ሕዝብ ቋንቋ ለሚማር የውጭ ሰው ይህ ከግሥ እርባታ አያንስም።

ኮርሶቹ አብረው ነው የወጡት፤ ኦክቶበር 2018፣ ብዙ የአሜሪካ ከተሞች የኮሎምበስን ቀን «የነባር ሕዝቦች ቀን» ብለው በሚያከብሩበት ሰሞን (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሃዋይኛውን ሲሠሩ የካሜሃሜሃ ትምህርት ቤቶችና ካናኤኦካና የተባለው የሃዋይ ትምህርት ቤቶች ጥምረት አብረው ነበሩ፤ በናቫሆኛው ላይ በዩታ ግዛት የሳን ሁዋን ትምህርት ወረዳ ሰዎች ሠርተዋል። የይዘቱ ባለቤቶች ቋንቋውን የሚያስተምሩ ሰዎች መሆናቸው ትልቅ ነገር ነው፤ በሃዋይኛው ላይ በደንብ ይታያል። ችግሩ ድርጅቱ በበጎ ፈቃደኞች ኮርስ የማሠራቱን አሠራር በ2021 አቆመ። እንደ ስፓኒሽና ፈረንሳይኛ ያሉት ብዙ ተማሪ ያላቸው ኮርሶች በየጊዜው ሲታደሱ፣ ትንንሾቹ ባሉበት ቆመው የመቅረት ዕጣ ይገጥማቸዋል።

ከመጀመራችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ፦ ሁለቱም የሚሰጡት በእንግሊዝኛ ነው። ጥያቄው በእንግሊዝኛ፣ መልሱ በሃዋይኛ ወይም በናቫሆኛ፣ ወይም በተቃራኒው። እንግሊዝኛው መካከለኛ ያልሆነ ሰው ከሁለት ቋንቋ ጋር እኩል ሲታገል ይውላል። በነጻ የሚጠቀም ሰው ማስታወቂያ ያያል፣ የተወሰነ ከተለማመደ በኋላም አፑ ያስቆመዋል። በትንንሽ ኮርሶች ላይ ሌላም ችግር አለ፤ አፑ ልክ ነው ብሎ የሚቀበላቸው መልሶች ዝርዝር ጠባብ ነው። ትክክለኛ የሆነ ግን ዝርዝሩ ውስጥ ያልገባ ዓረፍተ ነገር ስትጽፉ ስህተት ይላችኋል፣ ለምን እንደሆነም አያስረዳም። እንዲህ ሲገጥማችሁ ጥፋተኛው ሁልጊዜ እናንተ እንዳልሆናችሁ እወቁ፤ ዓረፍተ ነገሩን ጻፉትና ለአስተማሪ አቆዩት።

ወደ ሃዋይኛው እንግባ። ፊደሉ 13 ነው፤ አምስት አናባቢ፣ ሰባት ተነባቢ፣ እና «ኦኪና» የምትባለው የጉሮሮ ቁርጥ። «ሰዓት»ን ረጋ ብለን ስናነብ መሐል ላይ የምትሰማዋ ዓይነት ናት። ለዓይን ትንሽ ጭረት ብትመስልም ራሷን የቻለች ፊደል ነች። በአናባቢ ላይ የሚደረገው ሰረዝ ደግሞ «ካሃኮ» ይባላል፤ ድምፁን ያስረዝማል። አማርኛ የሚናገር ሰው እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት የታወቀ ነው፤ ማጥበቅ የለመደ አፍ አናባቢውን በማስረዘም ፋንታ ቀጥሎ ያለውን ተነባቢ ያጠብቀዋል። የሃዋይኛ ተነባቢ አይጠብቅም።

ዱኦሊንጎ በጠቅላላው የፊደል ላይ ምልክት ሲጎድል ቀላል ግድፈት ነው ብሎ የማለፍ ልማድ አለው። ለስፓኒሽ ይህ ብዙ አይጎዳም። ለሃዋይኛ ግን መርዝ ነው። ያለ ኦኪና «ኮኡ» ማለት «ያንተ» ነው፤ ኦኪና ሲገባበት «ኮ'ኡ»፣ «የእኔ» ይሆናል። አንዲት ጭረት የዘለለ ሰው የራሱን ለሌላው፣ የሌላውን ለራሱ አደረገ ማለት ነው። ሌላም ምሳሌ አለ። መስተአምሩ (እንደ እንግሊዝኛው «the» ያለው) አንዴ «ካ» አንዴ «ኬ» ይሆናል። በአብዛኛው ቃሉ በ«ክ»፣ በ«ኤ»፣ በ«አ» ወይም በ«ኦ» ሲጀምር «ኬ» ነው፤ «ኬ አላ» መንገዱ፣ «ኬ አሊ'ኢ» ባላባቱ። ታዲያ መሬት ለምን «ካ አይና» ሆነ? ቃሉ የሚጀምረው በ«አ» ሳይሆን በኦኪና ስለሆነ ነው። ኦኪናን እንደ ጌጥ የሚያይ ተማሪ ይህን የግድ በቃል ይሸመድዳል፤ እንደ ፊደል የሚያያት ደግሞ አንዴ ሰምቶ ይገላገላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ስልካችሁ ላይ የሃዋይኛ ኪቦርድ መጫን ነው። በተራ የጥቅስ ምልክት አትተኩ፤ ኦኪና የራሷ ምልክት አላት፣ በኋላ መዝገበ ቃላት ስትፈልጉም ትጠቅማችኋለች። አፑ ቢያልፋችሁም እናንተ አትለፉ፤ ምልክት የጎደለበትን መልስ እንደ ስህተት ቁጠሩት።

ኮርሱ በጣም የሚያረካው በአገናዛቢ አከፋፈል ላይ ነው፣ ግን እዚያው ላይ ማብራሪያው ስስ ነው። ሃዋይኛ «የእኔ»ን በሁለት መንገድ ይላል። አንዱ ሰው በራሱ ድርጊት ላገኘው ነገር ነው፤ ልጁ፣ ባለቤቱ፣ ምግቡ፣ መጽሐፉ እዚህ ይገባሉ። ሌላው ሰው ሳይመርጥ ለተሰጠው ወይም ውስጡ ለሚገባበትና ለሚለብሰው ነው፤ ወላጆቹ፣ ስሙ፣ አካሉ፣ መሬቱ፣ ቤቱ፣ ታንኳው፣ ልብሱ። «ካ'ኡ ኪ'ኢ» ብትሉ እኔ ያነሳሁት ወይም የያዝኩት ሥዕል፣ «ኮ'ኡ ኪ'ኢ» ብትሉ እኔን የሚያሳይ ሥዕል። አፑ ሁለቱንም እያፈራረቀ ይጠይቃል፣ ለምን አንዱ ልክ እንደሆነ ግን ተማሪው ራሱ እንዲገምት ይተወዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ደብተር ላይ ሁለት ዓምድ አስምሩ፣ ባለ «አ» እና ባለ «ኦ»። አዲስ ስም በመጣ ቁጥር በየዓምዱ አስገቡ። አርባ ሃምሳ ስም ሲሞላ አመዳደቡ ራሱን ያሳያል።

ለውጭ ተማሪ ከዚህም በላይ የሚያስፈልገው «እኛ» ነው። በሃዋይኛ አራት ነው፦ እኔና አንተ ብቻ «ካኡአ»፣ እኔና ሌላ ሰው ያላንተ «ማኡአ»፣ አንተን ጨምሮ ሁላችን «ካኮኡ»፣ እኛ ግን አንተ የለህበትም «ማኮኡ»። እንግሊዝኛው በአንድ ቃል ስለሚጠቀልላቸው ተማሪው ልዩነቱን ቀለል አድርጎ ያልፈዋል። ሃዋይውያን ፊት ቆሞ ስለ ደሴቶቹ ወይም ስለ ቋንቋው ሲናገር ከሁለቱ አንዱን መምረጡ ግን አይቀርም። «ማኮኡ» ካለ ሰሚዎቹን ከገዛ ነገራቸው አስወጣቸው። «ካኮኡ» ካለ ራሱን አስገባ፤ ይህ አንዳንዴ ተገቢ ነው፣ አንዳንዴ ድፍረት። ጀማሪ ለሆነ ሰው «የሃዋይ ሰዎች ቋንቋ» ብሎ መናገር ሰዋስውም አይጎድለው፣ ማንንም አይነካ።

ጥንቃቄው ከባዶ የመጣ አይደለም። በ1896 የወጣ ሕግ እንግሊዝኛን የትምህርት ቤት ቋንቋ አደረገና ሃዋይኛ ከክፍል ወጣ። በ1978 ከእንግሊዝኛ ጎን የግዛቲቱ ይፋዊ ቋንቋ ሆነ፤ በ1984 ደግሞ ወላጆችና መምህራን «ፑናና ሌኦ» የተባለውን የመጀመሪያውን በሃዋይኛ ብቻ የሚያስተምር መዋዕለ ሕፃናት ከፈቱ። ዛሬ ቋንቋውን ከሚናገሩት ብዙዎቹ በትምህርት ቤት ያገኙት ናቸው። ከወላጅ ወደ ልጅ ሳይቋረጥ የወረደው በኒኢሃኡ ደሴት ሰዎች ዘንድ ነው፤ እነሱ ደግሞ መጽሐፉ «ክ» በሚልበት ቦታ ብዙ ጊዜ «ት» ይላሉ። በአፕ የሠለጠነ ጆሮ ይህን ሲሰማ ስህተት ይመስለዋል። እንዳታርሙ! ያለ መተግበሪያም ያለ ምልክትም ይዘውት የቆዩት እነሱ ናቸው።

ድምፅን በተመለከተ ኮርሱ የሰው ቅጂ ይጠቀማል፣ ግን ድምፅ የሌላቸው ዓረፍተ ነገሮችም አሉ። ክፍተቱን የሚሞላ ነጻ ነገር አለ። በሂሎ የሚገኘው የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ «ካኒአይና» በተባለው የድምፅ ማኅደሩ ላሪ ኪሙራ ከ1972 ጀምሮ በሬዲዮ ከአፍ መፍቻ ተናጋሪ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ጋር ያደረጋቸውን ቃለ ምልልሶች አስቀምጧል። ለቃላት ደግሞ «ኡሉካኡ» የተባለው የኤሌክትሮኒክስ ቤተ መጻሕፍት ትልልቆቹን መዝገበ ቃላት በነጻ ያቀርባል። ከ1834 እስከ 1948 በሃዋይኛ የታተሙ ጋዜጦችም በኢንተርኔት ይነበባሉ፤ ያን ጊዜ ኦኪናና ካሃኮ አዘውትረው ስለማይጻፉ ግን ለጀማሪ አይሆኑም። አንድ የአፑን ክፍል ስትጨርሱ አምስት ደቂቃ የሬዲዮ ቅጂ ስሙ። መጀመሪያ የሚገባችሁ ሰላምታውና «እሺ» ዓይነቱ ብቻ ነው፤ ምንም አይደል፣ ጆሮ የሚሠራው እንደዚያ ነው።

ናቫሆኛ ሌላ ዓለም ነው። በአሜሪካ የነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች መካከል ብዙ ተናጋሪ ያለው እሱ ነው፤ በ2011 የሕዝብ ቆጠራ ቢሮው ባወጣው ቁጥር 170,000 የሚጠጋ ሰው በቤቱ ይናገረው ነበር። ለዚህ ሁሉ ሰው ቋንቋ የተሠራው ኮርስ ግን ከሃዋይኛው በብዙ ያጥራል። ፈጣን ተማሪ ከመሞቁ በፊት ያልቅበታል።

አማርኛ ተናጋሪ ግን እንግሊዝኛ ብቻ ከሚናገረው ተማሪ ሁለት ነገር ቀድሞ ይገባል። የመጀመሪያው ድምፅ ነው። ከ«ት»፣ ከ«ክ»፣ ከ«ች» እና ከ«ትስ» ፊደሎች በኋላ ጭረት ስታዩ ሌላው ሰው ይደናገጣል፤ እናንተ «ጥ»፣ «ቅ»፣ «ጭ»፣ «ጽ» ብላችሁ እለፉ፣ እነዚያው ፈንጂ ድምፆች ናቸው። ጭረት የሌላቸው «ት» እና «ክ» ግን ከእኛዎቹ ይልቅ ብዙ ትንፋሽ አላቸው፤ እነሱን አትናቁ። ምላስን ለ«ል» አስቀምጦ ትንፋሽ በጎን የሚወጣበት ድምፅ ደግሞ አዲስ ነው፣ ከእሱ የሚወለደው «ትል» መሰል ፈንጂም እንዲሁ። ሁለተኛው ግሡ ነው። ግሥ መጨረሻ ይመጣል፤ «ነገርኩት» እንደምንለው ባለቤቱም፣ ተሳቢውም አንድ ቃል ውስጥ ይታጨቃል። የእንግሊዝኛ ተናጋሪን ወራት የሚያስለቅሰው ሐሳብ ለእኛ የታወቀ ሰፈር ነው።

የሚከብደን አናባቢው ነው። አናባቢዎቹ አራት ብቻ ናቸው፣ ግን እያንዳንዱ አጭር ወይም ረጅም፣ በአፍ ወይም በአፍንጫ፣ ዝቅ ወይም ከፍ ባለ ዜማ ሊባል ይችላል። «አዜ'» ዝቅ ብሎ ሲባል መድኃኒት ነው፣ ከፍ ብሎ ሲባል አፍ። ጽሑፉ ይህን ሁሉ በምልክት ያሳያል፤ ዓይን ግን ዜማ አያስተምርም። ኮርሱ የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው፤ በዜማ ትርጉም የሚለይ ቋንቋ እያስተማረ ብዙ ቦታ ድምፅ የለውም። ድምፅ የሌለበትን ዓረፍተ ነገር በራሳችሁ ግምት ጮክ ብላችሁ አትድገሙ። የተሳሳተ ዜማ አንዴ ከያዛችሁ ማስለቀቁ ከባድ ነው፤ በዓይን ብቻ አንብባችሁ እለፉት።

ሁለተኛው ውድቀት የግሡ ልብ ላይ አለመድረሱ ነው። በናቫሆኛ አንድን ነገር መያዝ፣ መስጠት ወይም ማስቀመጥ የሚለው ግሥ እንደ ነገሩ ቅርጽ ይለወጣል፤ ድቡልቡል ጠጣር ነገር፣ ቀጭን ረጅም ነገር፣ ጠፍጣፋ ተጣጣፊ ነገር፣ ገመድ መሰል፣ ጭቃ መሰል፣ አፉ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ፣ ሕይወት ያለው፣ እያንዳንዱ የራሱ ሥር አለው። «ስጠኝ» ለማለት መጀመሪያ የምትጠይቁት ነገር ምን እንደሚመስል ማሰብ አለባችሁ። ይህ የሚለመደው ዕቃውን በእጅ እያቀበሉ እየተቀበሉ ነው፤ ሥዕልና ቃል በማዛመድ ልምምድ አይገባም።

አሁን ወደ ማንነቱ። ናቫሆ ራሱን ሲያስተዋውቅ አራት ጎሳ ይጠራል፦ የእናቱን፣ የአባቱን፣ የእናቱን አባት፣ የአባቱን አባት። ልጅ የእናቱ ጎሳ ነው። ብዙ የናቫሆኛ ትምህርት የሚጀምረው በዚህ ነው፣ ምክንያቱም ሰሚው ጎሳውን ሲሰማ ወዲያው ዝምድናውን ያሰላል፤ ወንድሜ፣ አያቴ፣ የአባቴ ወገን ብሎ ይጠራችኋል፣ ግዴታም ይከተላል። የውጭ ተማሪ ከኢንተርኔት ያየውን ጎሳ ለልምምድ ብሎ ቢናገር ሰውን ዘመድ አድርጎ አታለለ ማለት ነው። ናቫሆ ያልሆኑ ተማሪዎች የሚያደርጉት ግልጽ ነው፤ ስማቸውን ይናገራሉ፣ በጎሳው ቦታ የወጡበትን ሕዝብና አገር ያስገባሉ። እናንተም በእናት በኩል ከየት፣ በአባት በኩል ከየት እንደሆናችሁ ተናገሩ፤ ቅርጹ ይጠበቃል፣ ውሸትም የለበትም። የዓረፍተ ነገሩን ቃላት አስተማሪ ያስተካክልላችሁ፤ አፑ ይህን አያስተምርም።

ጊዜም አለው። የተኩላ መሰሉ የኮዮቴ ተረቶች የሚነገሩት በብርዱ ወራት ብቻ ነው፣ ከመጀመሪያው ውርጭ እስከ መጀመሪያው ነጎድጓድ። በሞቃቱ ወራት «አንድ ተረት ንገሩኝ» የሚል ተማሪ ዝምታ ሲገጥመው ቋንቋው ስላልገባቸው እንዳይመስለው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ልባም መሆን የሚያስፈልገው ቋንቋውን ከማይናገሩ የናቫሆ ልጆች ጋር ነው። ብዙ አያቶች በአዳሪ ትምህርት ቤት በቋንቋቸው በመናገራቸው ተቀጥተዋል፤ ልጆቻቸውን ከዚያ ለማዳን ሲሉ እንግሊዝኛ ብቻ ያናገሩ አሉ። ጉዳዩ እስከ ፕሬዚዳንትነት ደርሷል፦ በ2014 የናቫሆ ብሔር ምርጫ ክሪስ ዴሽኔ የተባሉት ዕጩ ቋንቋውን አቀላጥፈው አይናገሩም ተብሎ በፍርድ ቤት ውሳኔ ከምርጫው ወጡ፣ በ2015 ሕዝበ ውሳኔ ደግሞ የዕጩን ችሎታ መራጩ ራሱ እንዲመዝን ተወሰነ። ሕዝቡ በራሱ መካከል እስከዚህ የተከራከረበትን ነገር፣ አፑ ቀን ሳይዘሉ ለተለማመዱ የሚሰጠውን የእሳት ምልክት የሰበሰበ የውጭ ሰው እንደ ዋንጫ ቢያወጣው ምን እንደሚሰማ አስቡት። ለአንድ ናቫሆ ወጣት «እኔ እንኳ ተምሬዋለሁ» ማለት፣ አነጋገሩን ማረም፣ ወይም ቪዲዮ ቀርጾ መለጠፍ በሩን ይዘጋል።

ሁሉም ማኅበረሰብ በሩን እንዳልከፈተም ልብ በሉ። በሉዊዚያና ያለው የቺቲማቻ ነገድ በ2010 የቋንቋ ማስተማሪያ ሶፍትዌር ከሚሠራው ከሮዜታ ስቶን ድርጅት ጋር ያሠራው ፕሮግራም ለነገዱ አባላት በነጻ የተሰጠ እንጂ ለገበያ የወጣ አይደለም። በታዝማኒያም ነባሮቹ ሕዝቦች መልሰው ያቋቋሙትን ፓላዋ ካኒን መጀመሪያ የራሳቸው ሰዎች ይማሩት ብለው ለውጭ ሰው ማስተማሩን ገድበዋል። የናቫሆና የሃዋይ መምህራን ኮርሳቸውን ለማንም ክፍት ያደረጉት ሌላ መንገድ ሳያጡ ነው፤ ስለዚህ ግብዣው እውነተኛ ነው፣ ተማሪው ኃፍረት አይያዘው።

ለናቫሆኛ ከዱኦሊንጎ ሌላ ምን አለ? ሮዜታ ስቶን በ2010 «ናቫሆ ላንጉዊጅ ሪነሳንስ» ከተባለ ድርጅት ጋር ያወጣው ፕሮግራም ወደ እንግሊዝኛ ሳይተረጉም በሥዕልና በድምፅ ብቻ ያስተምራል፤ የአፍ መፍቻ ተናጋሪ ድምፅ ስላለው ለዜማው ከአፑ ይሻላል። ከመክፈላችሁ በፊት አሁን በምትጠቀሙበት ስልክ ወይም ኮምፒውተር መሥራቱን አረጋግጡ። ከዚያ በላይ ለሚፈልግ ሰው አስተማሪ ግድ ነው። አሪዞና ውስጥ ሳይሊ የሚገኘው ዲኔ ኮሌጅ በ1968 በነገድ የሚመራ የመጀመሪያው የአሜሪካ ኮሌጅ ሆኖ የተቋቋመ ሲሆን ናቫሆኛ ያስተምራል። ለመመዝገብ ስትጽፉ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ክፍሉ በርቀት ይሰጣል ወይ፣ እና ቦታው ቢሞላ ቅድሚያው ለማን ነው። ቅድሚያው ለናቫሆ ተማሪዎች ከሆነ ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ግቡ፤ እስከዚያ የአራቱን አናባቢዎች ዜማ በድምፅ ቅጂ ተለማመዱ።